ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ርቀቱ ስንት ነው? የትኬቱ ሰዓትስ ለምን አልደመር አለኝ?

እህተ ማርያም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለእናቴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የደርሶ መልስ ትኬት ልቆርጥ ብዬ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አልስማማ አሉኝ።

ርቀቱን አንዱ ገጽ 11,560 ይለዋል፣ ሌላው 7,185፣ ሌላው 6,240። በዱባይ የሚያልፈውን ስፈልግ ደግሞ ወደ 13,900 ይወጣል።

ሰዓቱ ይብሳል። መሄጃው ቅዳሜ ጁላይ 11 በ22:30 ተነስቶ እሁድ ጁላይ 12 በ08:00 ይደርሳል። ስቀንሰው 9 ሰዓት ተኩል። መመለሻው በሴፕቴምበር በ11:00 ተነስቶ በማግስቱ በ07:00 ይገባል፣ እሱ 20 ሰዓት ሆነ። አንድ መንገድ ሲሄዱበት 9፣ ሲመለሱበት 20 እንዴት ይሆናል? ደግሞ መሄጃው ላይ «1 ማረፊያ» የሚል አለ፣ መመለሻው ላይ የለም።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥና ስንት ጊዜ እንደምትወርድ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ምድር ስለምትዞር ነው ያለኝም ሰው አለ።


ሉልና ክር፦

ከርቀቱ ልጀምር። ያየሻቸው ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ መለኪያቸው ነው የተለያየው። 11,560 በኪሎ ሜትር፣ 7,185 በየብስ ማይል፣ 6,240 በባሕር ማይል። የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፣ የባሕር ማይል 1.852። አቪዬሽን ውስጥ ያለ ሰው «ማይል» ካለሽ ብዙውን ጊዜ የባሕሩን ነው፣ የትኬት መሸጫ ገጽ ግን የየብሱን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

11,560 ማለት ከቦሌ እስከ ደለስ በምድር ክብ ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሪ አጭሩን አታገኚውም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የትምህርት ቤት ሉል ካለ ክር ውሰጂ፣ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገሽ ወጥሪው። 27 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ሉል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብታባዢው 11,500 አካባቢ ይመጣልሻል።

የክሩን አካሄድም ተመልከቺ። ዋሽንግተን በስተምዕራብ ነው ብለን እናስባለን፣ ክሩ ግን ከቦሌ የሚነሳው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያልፋል፣ ሱዳንንና ሊቢያን ይሻገራል፣ በደቡብ ቱኒዚያና በአልጄሪያ አድርጎ ደቡብ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። አትላንቲክ መሀል እስከ 45ኛው የኬክሮስ ዲግሪ ድረስ ይወጣና ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል።

አውሮፕላኑ ግን በክሩ ላይ አይሄድም። የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የዚያ አገር ሰማይ ለአብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው፣ ሊቢያንም ብዙዎቹ ይሸሹታል። ስለዚህ ዞሮ ነው የሚያልፈው። በዚህ ላይ የአየር መቆጣጠሪያ መስመሮቹና ነፋሱ አሉ። ከአጭሩ መስመር ከ3 እስከ 6 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው፣ በተግባር 12,000 ኪሎ ሜትር ያዢ።

ማረፊያ ሲኖር ምን ያህል እንደሚረዝም በተመሳሳይ ስሌት፣ የሁለቱ ክሮች ድምር እንዲህ ነው፦

በሮም 4,480 ሲደመር 7,230፣ ድምሩ 11,710
በደብሊን 6,365 ሲደመር 5,465፣ ድምሩ 11,830
በፍራንክፈርት 5,350 ሲደመር 6,550፣ ድምሩ 11,900
በኢስታንቡል 3,725 ሲደመር 8,390፣ ድምሩ 12,115
በሎሜ 4,150 ሲደመር 8,600፣ ድምሩ 12,750
በዱባይ 2,520 ሲደመር 11,355፣ ድምሩ 13,875

ደብሊን ካርታ ላይ ሲያዩት ሰሜን ጫፍ ሆኖ ትልቅ ዙር ይመስላል። ጭማሪው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ በአውሮፕላን 20 ደቂቃ አይሞላም። ዱባይ ግን ለዋሽንግተን ጀርባ ሰጥቶ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ መውሰድ ስለሆነ 2,300 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ከዱባይ ዋሽንግተን ብቻውን 14 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ በረራ ነው። ለ71 ዓመት እናት አልመርጠውም።


ባለ ሁለት ሰዓት፦

9 ሰዓት ተኩሉም 20 ሰዓቱም ስህተት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ የመድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። የአንዱን ከሌላው መቀነስ ብርን ከዶላር እንደ መቀነስ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት አምጪ።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አትለዋወጥም። ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ትቀይራለች፦ በማርች ሁለተኛው እሁድ ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደኋላ። በበጋቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። (የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን አትርሺ፣ ስልክ ላይ «በክረምት» ስትባባሉ ሁለታችሁ ሁለት የተለያየ ወቅት ልታስቡ ትችላላችሁ።)

ጁላይ ስለሆነ 7 ነው። እሁድ 08:00 ዋሽንግተን ማለት አዲስ አበባ 15:00 ነው። ከቅዳሜ 22:30 እስከ እሁድ 15:00 ቁጠሪ፣ 16 ሰዓት ተኩል። መሄጃው ይሄ ነው፣ ማረፊያው በውስጡ ተቆጥሮ።

መመለሻው በ11:00 ከዋሽንግተን ሲነሳ አዲስ አበባ 18:00 ነው። እስከ ማግስቱ 07:00 ድረስ 13 ሰዓት። አለቀ።

ትኬቱን ለእናትሽ በስልክ ስታነቢላቸው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው። 22:30 ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ከሆነ ቀኑ ሰውን ይጥላል። ጁላይ 12 በ01:15 የሚል ትኬት ብታገኚ፣ ጁላይ 12 በእኛ ሐምሌ 5፣ እሁድ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው «እሁድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሩብ» ሲባል እሁድ ውሎ፣ እራት በልቶ፣ ማታ ወደ ቦሌ ይሄዳል። አውሮፕላኑ የሄደው ግን ቅዳሜ ሌሊት ነው። እንዲህ ያለውን ሁልጊዜ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ብለሽ ንገሪ፣ «ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቦሌ ግቢ» በይ። በዚህች ትኬታቸው ተቃጥሎ ሻንጣቸውን ይዘው የሚመለሱ አሉ።


መንገደኛ 7፦

እኔ የምድር መዞር ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ ምድር ከሥሩ ትዞራለች፣ ስለዚህ ወደ አንዱ አቅጣጫ ቶሎ ይደርሳል፣ ወደ ሌላው ይዘገያል። ቀላል ነገር አይደል?


ሉልና ክር፦

@መንገደኛ 7፣ አይደለም። አየሩ ራሱ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም ቦሌ ቆሞ ሳለ አብሮ ሲዞር ነበር። ያልከው እውነት ቢሆን እንኳ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነበር የሚሆነው። ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ ከሥሩ የምትሸሽ ምድር ላይ ቢበር ዋሽንግተን ራሷ እየቀረበችው በመጣች፣ ወደ ምዕራብ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃው ነበር። የሚሆነው ግን ወደ ምዕራብ መሄዱ ነው የሚረዝመው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በመካከለኛው ኬክሮስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል አለ። በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ የዘወትር ነው፣ በፈረንጆቹ ክረምት ከዚያም ያልፋል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ቢበር፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዘዋል።

በእጅ ለመገመት፦ ርቀቱን ውሰጂ፣ 4 በመቶ ጨምሪ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ በ850፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ በ950 አካፍዪ፣ ለመነሳትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። 12,000 ለ950 ሲካፈል 12.6፣ ከግማሽ ሰዓት ጋር 13.1። መመለሻሽ ላይ የተጻፈው 13 ሰዓት ከዚህ ጋር ገጠመ። ወደ ምዕራብ ሳያርፍ ቢሄድ 14.1 ሲደመር ግማሽ፣ ማለትም 14 ሰዓት ተኩል አካባቢ በሆነ ነበር።


ነዳጅና ጭነት፦

ታዲያ 14 ሰዓት ተኩል በረራ የሚችል አውሮፕላን እያለ ለምን ያርፋል? መልሱ ቦሌ ራሱ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ነው፣ ደለስ 95 ሜትር ላይ። ቦሌ ላይ በ22 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሁለት ነገር ያጎድላል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሮጥ አለበት፣ ሞተሩ ደግሞ የሚያገኘው አየር ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳ አውሮፕላን ቦሌ ላይ፣ በዚያው ክብደት፣ 340 ገደማ መድረስ አለበት። በደከመ ሞተር እዚያ ለመድረስ ረጅም ማኮብኮቢያ ይበላል። የቦሌው ረጅሙ 3,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ያ ደግሞ መነሳት ካልተቻለ ፍሬን ይዞ መቆሚያውንም ይጨምራል። ጎማውም ጣራ አለው፣ የብዙዎቹ ትላልቅ አውሮፕላኖች ጎማ የተፈቀደለት በሰዓት እስከ 378 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ሞተር በመንደርደር ላይ ቢጠፋ በቀረው መውጣት መቻልም ግዴታ ነው፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ደግሞ ተራራ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፦ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ነፋስ የሚፈቀደው ከፍተኛ የመነሻ ክብደት። ከዚያ በላይ አይነሳም። ኤ350-900ን የሚያህል አውሮፕላን በሰዓት ወደ 6 ቶን ነዳጅ ይበላል። ለ14 ሰዓት ተኩል 87 ቶን፣ የመጠባበቂያው ሲጨመርበት ከ90 ይበልጣል። በክብደቱ ጣራ ላይ 10 ቶን ማጉደል ካለብሽ፣ አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው በ100 ኪሎ ቢታሰብ 100 ወንበር ባዶ መሄድ ማለት ነው። የጭነት አበባውና ሥጋው ሳይቆጠር። ስለዚህ ግማሽ ነዳጅ ይዞ፣ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ተነስቶ፣ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይሞላል። በዚህም ቢሆን ነዳጁ ይቆጠባል፣ በረጅም በረራ ላይ ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት ተብሎ ከሚጫነው ነዳጅ ሲሶ ያህሉ የሚቃጠለው ራሱን ለመሸከም ነው።

ሲመለስ ተቃራኒው ነው። ደለስ ዝቅተኛ ነው፣ አየሩ የወፈረ ነው፣ 3,505 ሜትር ማኮብኮቢያ አለው፣ ነፋሱም ከኋላ ነው። ነዳጁን ሞልቶ አንዴ ተነስቶ ቦሌ ይገባል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ አልቆ ቀልሏልና ከፍታው ለማረፍ ችግር አይሆንበትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን መስመር ማረፊያው በየዘመኑ ተቀያይሯል፣ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ነበሩበት። በየትኛው እንደሚያልፍ ከድሮ መንገደኛ አትጠይቂ፣ ከትኬቱ ላይ እዪ። የሌሊት መነሻ ሰዓቱም ለግንኙነት በረራዎች ብቻ ተብሎ የተመረጠ አይደለም፣ ቦሌ ማታ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ አየር ይወፍራል፣ ጥቂት ቶን ይጨምራል።


ባለ ሁለት ሰዓት፦

@ነዳጅና ጭነት ላለው አንዲት ነገር ልጨምር፣ ትኬት ላይ ያለው 16 ሰዓት ተኩል ሁሉ አየር ላይ የሚቆይበት አይደለም። ከመነሻው ጌት ከተገፋበት እስከ መድረሻው ጌት እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ቦሌ ላይ ተራ መጠበቅ፣ ደለስ ላይ ወደ ጌት መጠጋት፣ በማረፊያው ከተማ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል መቆም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ንጹህ በረራው 14 ተኩል ገደማ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ።


እህተ ማርያም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ማረፊያው ላይ ትወርዳለች ወይስ ተቀምጣ ትቆያለች? ሌላው ደግሞ በፍራንክፈርት የሚያልፍ ትኬት ረከስ ብሎ አግኝቻለሁ፣ የመጀመሪያው ትኬት እስከ ፍራንክፈርት፣ ሁለተኛው ከዚያ ዋሽንግተን፣ ለየብቻ የሚገዛ። መሀሉ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ይበቃል?


የትኬት ነገር፦

እህቴ፣ የፍራንክፈርቱን ተዪው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ለየብቻ የተገዛ ሁለት ትኬት ሲሆን ሁለተኛው አየር መንገድ የመጀመሪያውን አያውቀውም። ሻንጣው ፍራንክፈርት ላይ ይወጣል፣ እናትሽ ኢሚግሬሽን አልፈው ሊቀበሉት ይገባል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው እንደገና ቼክኢን ያደርጋሉ። ኢሚግሬሽን ማለፍ ማለት ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) መግባት ነው፣ ሸንገን ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቪዛ ለዚያ አይሠራም። ቪዛው ከሌላቸው ገና ቦሌ ላይ ቼክኢን ሠራተኛው ይመልሳቸዋል። የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ደግሞ ሁለተኛው ትኬት ይቃጠላል፣ ካሳ የሚጠየቅ ሰውም የለም።

በአንድ ትኬት ሆኖ በፍራንክፈርት ቢያልፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን ከዚህ ነፃ ይሆናል፣ ከትራንዚት ክልሉ እስካልወጣ ድረስ። ሻንጣው ቦሌ ላይ እስከ ደለስ ድረስ ታግ መደረጉን ወረቀቱ ላይ አይ.ኤ.ዲ (የደለስ አየር ማረፊያ መለያ) የሚል እንዳለ አረጋግጪ። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ ፍራንክፈርት አርፎ ወደ ሙኒክ፣ ከሙኒክ ዋሽንግተን የሚል ትኬት ከሆነ በሁለቱ የጀርመን ከተሞች መሀል ያለው የሀገር ውስጥ በረራ ነው፣ ሸንገን መግባት ይሆናል። ባለ ሁለት የሸንገን ማረፊያ አትግዢ።

የማረፊያውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ነዳጅ ለመሙላት ብቻ የሚቆም ከሆነ መንገደኛ በአብዛኛው ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ ሻንጣም አይነካም። በዚያ ከተማ ሰው የሚወርድና የሚሳፈር ከሆነም ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥሉት በአብዛኛው እዚያው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ለፍተሻ ያስወርዳሉና እናትሽ ቦርዲንግ ፓሳቸውንና ፓስፖርታቸውን በደረታቸው ቦርሳ ይያዙ፣ ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡት። የሚገዛው ትኬት ላይ «ቀጥታ በረራ» ቢል ማረፊያ የለውም ማለት እንዳልሆነ እወቂ። በትኬት ቋንቋ ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ብቻ ነው፣ መሀል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጨርሶ የማያርፈው ነን ስቶፕ የሚባለው ነው። ሻጩ «ቀጥታ ነው» ካለሽ «ስንት ቦታ ያርፋል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለጉልበታቸው ዊልቸር አስመዝግቢ፣ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት። ዓይነቱን ለይተሽ ተናገሪ። ደብሊው-ሲ-ኤች-አር የሚባለው ደረጃ መውጣት ለሚችልና ረጅም መንገድ መራመድ ለሚያቅተው ነው። ደብሊው-ሲ-ኤች-ኤስ ደረጃ ለማይወጣ ግን አውሮፕላን ውስጥ እስከ ወንበሩ መራመድ ለሚችል። ደብሊው-ሲ-ኤች-ሲ እስከ ወንበሩ መሸከም ለሚያስፈልገው። ጉልበት ከሆነ ሁለተኛው ነው የሚሻለው፣ አውሮፕላኑ ከጌት ርቆ ቆሞ በመሰላል የሚወጣ ከሆነ የማንሻ መኪና የሚያመጡት በእሱ ነው። ዊልቸር የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን ድረስ አብሯቸው ስለሚሄድ የቋንቋውንም ችግር ግማሹን ይፈታል። ቀሪውን ግማሽ ደግሞ አንድ ወረቀት ይፈታዋል፦ የሚያርፉበትን አድራሻ፣ ያንቺን ስልክ፣ የሚቆዩበትን ጊዜና የመመለሻውን ቀን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ።

ምግቡን አትርሺ። ጾም ከሆነና በሌላ አየር መንገድ ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመሽ የቪጋን ምግብ እዘዢ። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ ወተትና አይብ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

ለቦሌ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቀድመው ይግቡ። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ ጌቱ ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ስላለ መሳፈሩ ከሌላው ቀድሞ ይጀምራል። ሽሮና በርበሬው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ይዞ ወደ አሜሪካ መሄድ ተጨማሪ ምርመራ ያስከትላል፣ አስቀምጡት ሊባልም ይችላል።

ደለስ ላይ 08:00 ይደርሳል ማለት 08:00 ላይ በር ላይ ታገኛቸዋለሽ ማለት አይደለም። ከጌት ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሽ የሚወስደው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆም ትልቅ ተሽከርካሪ ነው፣ እስኪሞላ ይጠበቃል። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ። 09:30 ላይ ብትደርሺ ያለቅጥ አትቆሚም። ከደለስ ወደ ሌላ ስቴት የሚቀጥሉ ቢሆኑ ኖሮ ሻንጣውን እዚያው ተቀብለው ከጉምሩክ ወጥተው እንደገና ማስረከብ ስላለባቸው ከ3 ሰዓት ያነሰ ኮኔክሽን አልመክርም ነበር።


ሉልና ክር፦

በትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ማመን ካልፈለግሽ የበረራ ቁጥሩን ፍላይትራዳር 24 የሚባለው የበረራ መከታተያ ገጽ ላይ አስገቢና ያለፉትን ቀናት ተመልከቺ። ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ፣ በየት እንደዞረ ይታያል። አንድ ቀን ብቻ አትዪ፣ ነፋሱ ከቀን ቀን ይለያያል። የአምስት ስድስት ቀን አማካይ ይሻላል። በጁላይ የሚታየው በጃንዋሪ አይሠራም፣ በፈረንጆቹ ክረምት ነፋሱ ሲበረታ መሄጃው ግማሽ ሰዓት ሊረዝም፣ መመለሻውም ያንኑ ያህል ሊያጥር ይችላል።


እህተ ማርያም፦

የፍራንክፈርቱን ተውኩት። አንድ ማረፊያ ያለውን ልቆርጥ ነው። መመለሻዋን ግን ከሴፕቴምበር ወደ ማክሰኞ ኖቬምበር 3 ላዛውረው ነው። ሰዓቱ ያው 11:00 መነሻ፣ 07:00 መድረሻ ይላል። 13 ሰዓት ነው ማለት ነው አይደል?


ባለ ሁለት ሰዓት፦

አይደለም፣ እዚህ ላይ ቁሚ። አሜሪካ በ2026 ሰዓቷን ወደኋላ የምትመልሰው እሁድ ኖቬምበር 1 ነው። ኖቬምበር 3 ላይ ልዩነቱ 8 ሰዓት ሆኗል። 11:00 ዋሽንግተን ማለት አዲስ አበባ 19:00፣ እስከ 07:00 ደግሞ 12 ሰዓት ብቻ ነው። 12,000 ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት አይገባም፣ ስለዚህ ያየሽው ሰዓት ገና ያልተስተካከለ ነው። አየር መንገዶች የክረምት ፕሮግራማቸውን የሚጀምሩት በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ነው፣ በ2026 ኦክቶበር 25 ማለት ነው፣ የአሜሪካ ሰዓት ደግሞ ከዚያ ሳምንት ቆይቶ ይቀየራል። በዚያ አካባቢ ያለ ትኬት ቀድሞ ከተገዛ ብዙ ጊዜ በሰዓት ይንሸራተታል። ወይ መነሻው 10:00 ይሆናል፣ ወይ መድረሻው 08:00። ትኬቱ ላይ ያንቺን ኢሜይልና የአሜሪካ ስልክ አስመዝግቢ፣ የለውጡ መልእክት ለእናትሽ የአዲስ አበባ ቁጥር ብቻ ከሄደ እሳቸው አሜሪካ ሆነው አያዩትም። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በቦታ ማስያዣ ቁጥሩ ገብተሽ አንዴ ተመልከቺው፣ ቦሌ ለሚቀበላቸውም ሰው አዲሱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ንገሪው። 08:00 ከሆነ ረቡዕ ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።